ስምንት ጥንድ እግር

ከሁሉ በፊት እኔው ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። አበባ ያለበትን፣ ነብር የተሳለበትን፣ በላስቲክ ቦርሳ ተጣጥፎ በአይሱዙ የሚመጣውን። ሱቄ ጋይንት ውስጥ፣ ከንፋስ መውጫ በሚኒባስ ብዙ የማትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። የአባቴን ሙያ ምን ገደለው ብሎ የሚጠይቅ ካለ ሩቅ አይሂድ፤ መጥቶ መደርደሪያዬን ይመልከት። አባቴ የባና ሸማኔ ነበር። ነበር አልኩ? ነው! ይችን «ነበር» የምትባል ቃል ከአፌ ላስወጣት ስታገል ይኸው ከረምኩ።

ባና ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው፤ ቀን ይለበሳል፣ ማታ ይተኙበታል። የጉና ብርድ የሚፈራው ነገር ቢኖር እሱን ነው። ሴቶች ጠጉሩን ያጥባሉ፣ ይነድፋሉ፣ ይፈትላሉ። ወንዶች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰደው ይሸምናሉ። ግን ከሸማኔው እጅ የሚወጣው ነገር ገና ባና አይደለም። ወንፊት ነው፤ ጣት ያሾልካል። ባና የሚሆነው ሲረገጥ ነው። ወንዙ ዳር ባለው ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ላይ ይዘረጋል፣ ሙቅ ውሃና እንዶድ ይፈስበታል፣ ከዚያ ስምንት ሰው በክብ ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ በባዶ እግሩ ከጠዋት እስከ ቀትር ይረግጠዋል። ጠጉሩ እርስ በርሱ እየተያያዘ፣ እየጠበበ፣ እየጠነከረ ይሄዳል። ድንጋዩ ስንት ትውልድ እንደተረገጠ እግዜር ይወቀው፤ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ እንደ መስታወት ያበራ ነበር።

ሰፈራችን ከከተማው በታች፣ ወደ ወንዙ የሚወርደው ተዳፋት ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ የሸማኔ ጉድጓድ የሌለው ቤት አልነበረም። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የምሰማው መወርወሪያው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲመላለስ ነው፤ ከኛ ቤት ሲያርፍ ከጎረቤት ይነሳል። ማክሰኞና ዓርብ ደግሞ የረገጣ ቀን ነው። ድው ድው የሚለው ድምፅ ዳገቱን ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይሰማል። ከስማዳ የመጡ ነጋዴዎች በቅሎዎቻቸውን ደጃችን አስረው ይጠብቃሉ፤ ወገዳ ገበያ ሳይደርሱበት እንዳይበተን ይቸኩላሉ። የእስቴዎቹ መካነ ኢየሱስ ወስደው ይሸጡታል። ቄሱ፣ ሾፌሩ፣ ዘበኛው፣ ሙሽራው፣ ሁሉም የሚለብሰው የኛን ነው። ሴቶቹ ንፍሮ ይዘው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፤ እኛ ልጆቹ ከድንጋዩ እየፈሰሰ የሚወርደው ሙቅ ውሃ ውስጥ እግራችንን ነክረን እንሟሟቃለን።

ረገጣውን የሚመራው አባቴ ነበር። ዳር ቆሞ በዱላው ድንጋዩን እየመታ ይቆጥራል። አርባ ሲደርስ «ቦታ ልቀቁ!» ብሎ ይጮሃል፤ ያን ጊዜ ሁሉም አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ለምን መሰላችሁ? እግር ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ከባድ ነው፣ አንዱ ቀላል፤ አንዱ በተረከዙ ይመታል፣ አንዱ በጣቱ። አንድ ሰው አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ባናው እዚያ ጋ ይኮማተራል፣ ሌላው ጋ እንደሰፋ ይቀራል። ስለዚህ ሰው ሁሉ በባናው ሁሉ ላይ መዞር አለበት። ቦታ መልቀቅ የረሳ ሰው ከአባቴ አፍ አያመልጥም። «አንተ ግንድ! ሥር ሰደድክ እንዴ?» ይለዋል፤ ሳቁ ወንዙን ይሞላዋል። መጨረሻ ላይ አራት ሰው አራቱን ጥግ ይዞ ያነሳዋል፣ አባቴ መሐሉ ላይ አንድ እንስራ ውሃ ይገለብጣል። ካንጠባጠበ እንደገና ይረገጣል። ጠብ ካላለ አባቴ «አለቀ» ይላል። ሌላ ቃል የለውም።

አሁን አሁን ሰዉ ሁሉ ሱቄ በር ላይ ቆሞ «አይ ያ ደግ ጊዜ!» ይለኛል። የቱ ደግ ጊዜ? ለማን? ኸረ ተዉኝ እባካችሁ! አባቴ ሰው ቤት ለድግስ ሲጠራ ጠላ የሚቀዳለት ከበሩ ኋላ በተሰቀለች በአንዲት ቅል ነበር። ለሌላ ሰው የማትሰጥ፣ የኛ ብቻ የሆነች ቅል። እኔን ትምህርት ቤት በሸማኔ ስድብ «የቁጢት በጣሽ ልጅ» እያሉ ጎኔ የሚቀመጥ ይጠፋ ነበር። ዓይናችን ሰው ይበላል ተብሎ ሕፃን አያሳዩንም። በኛ ባና ተጠቅልሎ ሲሞቀው ያደረ ሰው ጠዋት ተነስቶ እኛን ይሰድባል! ዛሬ እነሱው ናቸው ባህላችን ጠፋ ብለው የሚያለቅሱልኝ። እኔ የማዝነው ለቅሏ አይደለም። የማዝነው ለሥራው ነው፤ ለዚያ ድምፅ፣ ለአባቴ ጩኸት፣ ለእናቴ እንዝርት። ሁለቱን ለያይቼ ነው የምናፍቀው፣ ለያይታችሁ ስሙኝ።

ከዚያ ብርድ ልብሱ መጣ። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቀለም አለው። ጉድጓዶቹ ባንድ ጊዜ አልተደፈኑም፤ አንዱ ቤት በዚህ ክረምት፣ ሌላው በሚቀጥለው። ጎረምሶቹ ለአጨዳ ሁመራ ወረዱ፣ ባሕር ዳር ለቀን ሥራ ሄዱ፣ የተመለሰ ጥቂት ነው። እኔም አገባሁ፣ ፈታሁ፣ ልጄን ይዤ ምን ልብላ ስል ሱቅ ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ ለአባቴ ወሰድኩለት። ዳሰሰው፣ አሸተተው፣ ወደ ፀሐይ ዘርግቶ አየው። «ይሄ ምን የሚባል በግ ነው?» አለኝ። ከዚያ ከእናቴ ጋር ለብሰውት ተኙ፤ ምን ያድርጉ፣ የራሳቸው የሚሉት ባና አልነበራቸውማ። ዕድሜውን ሙሉ የሸመነው ሁሉ ከድንጋዩ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ገበያ ነው የሚሄደው።

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ከአልጋው ሥር አንድ ቅርጫት አወጣ። እሷ የፈተለችው ጠጉር ተደውሮ ሞልቶበታል። ለምን እንዳስቀመጠችው አላውቅም፤ ምናልባት ዓይኗ ሳይደክም አንድ ነገር ልትተው ብላ ይሆናል። «ይሄ የኔ ነው» አለኝ። «አንድ ባና ለራሴ ሸምኜ፣ አስረግጬ፣ ለብሼው ልሙት። አይሸጥም።» እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ደግፌ ነው የማስገባው፣ ሲወጣም ጎትቼ ነው የማወጣው። ከመስቀል በኋላ የጀመረውን በዓቢይ ጾም አንድ ረቡዕ ቀን ሸምኖ ጨርሶ ቆረጠው። ከእንግዲህ የእናቴ ፈትል የለም፤ ቢበላሽ የሚተካው ነገር የለም። የቀረው መረገጥ ብቻ ነው።

በዚያው ረቡዕ ድንጋዩን ላጥብ ወደ ወንዝ ብወርድ፣ በስማም! በቀይ ቀለም ተሠምሮበታል። አራት ወጣቶች መዶሻና መሮ ዘርግተው ይለካሉ። የከተማው መንገድ ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው፣ ድንጋዩ ለነሱ ማኅበር ተሰጥቷል። ሰብሳቢያቸው ራሷን በሻሽ የጠመጠመች፣ ክንዷ የወንድ የሚያህል ወጣት ሴት ናት።

«ማን ፈቅዶላችሁ ነው?» አልኳት።

«በስብሰባ ተወሰነ እኮ፣ እትዬ። እኛ ምን እናድርግ? ድንጋይ ነው። ሰኞ መምታት እንጀምራለን።»

«ድንጋይ ነው? ድንጋይ ነው አልሽኝ?» ድምፄ ከፍ አለ፤ የሚኒባስ ረዳቶች የሚፈሩት ድምፄ ነው። «እኔ ያደግሁት በዚህ ድንጋይ ነው። ይሄን ብርሃኑን ያመጣው መዶሻ መሰለሽ? እግር ነው!»

እሷ ግን ቁጡ አልነበረችም፣ ይሄው ነው ያናደደኝ። ቁልቁል አየችው፣ በመዳፏ ዳሰሰችው። «ያምራል» አለች። «ግን እኛም መብላት አለብን።» ምን ልበላት? ብርድ ልብስ ሻጯ እኔ፣ መብላት አለብን ላለች ልጅ ምን ብዬ ልመልስ!

ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ። ነገ ሐሙስ ሚካኤል ነው፣ ማንም ሥራ አይነካም። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ናቸው። ሰኞ መዶሻ። የቀረችኝ ዓርብ ብቻ ናት። ድንጋዩን ልጠብቀው አልችልም፤ አንዲት ቀን ግን ልቀማ እችላለሁ።

«አራት ናችሁ አይደል?» አልኳት። «ዓርብ ጠዋት አራታችሁም ጫማችሁን አውልቃችሁ እዚህ ትመጣላችሁ። የአባቴን ባና ትረግጣላችሁ።»

ሳቀች። «ለምን ብለን?»

«ከሰኞ ጀምሮ በዚህ ድንጋይ እንጀራ ልትበሉበት ነዋ! እኛም በልተንበታል። ቢያንስ ምን እንደምትሰብሩ እወቁት።»

ጓደኞቿን አየቻቸው፣ እነሱም አዩዋት። «እሺ» አለች። በቃ፣ እሺ ብቻ። እኔ ለጠብ ተዘጋጅቼ ሳለሁ እሺ ስትለኝ አፌ ውስጥ የያዝኩት ሁሉ ቀረ።

ከድሮዎቹ ረጋጮች በሕይወት ያሉት፣ ከተማ ውስጥም ያሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ወፍጮ ቤት እህል ይሸከማል፤ ስነግረው ጆንያውን ከትከሻው ጥሎ «መቼ?» አለኝ። ሁለተኛው የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። እሱ «ሰው ፊት እንደገና?» ብሎ አንገራገረ፤ ልጆቹ የሸማኔ ዘር መሆናቸውን ሰው እንዲረሳላቸው ስንት ደክሟል። አልፈረድኩበትም። ማምሻውን ራሱ መጣና «አባትሽ እንዳይቀየመኝ ነው» አለኝ። ስድስት ሆኑ። ሰባተኛዋ እኔ። ሴት ባና አትረግጥም ይባል ነበር፤ ለምን እንደማትረግጥ ግን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። አንድ ጎደለኝ። በሰባት ሰው አይረገጥም፣ ክቡ አይገጥምም።

ሐሙስ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ደጀ ሰላሙ ላይ ገና ሳይበተን ቆምኩና ተናገርኩ። «አባቴ የመጨረሻ ባናውን ነገ ያስረግጣል። አንድ ጥንድ እግር ጎድሎኛል። ያ ደግ ጊዜ የምትሉኝ ሰዎች፣ የታላችሁ?» ነጠላውን የሚያስተካክለው ብዙ ሆነ። አንዱ ወገቡን አመመው፣ አንዱ ነገ መንገደኛ ነው፣ አንዱ ድንገት ስልኩ ጠራ። አየ ወንድሞቼ! ልሄድ ስል ከዛፉ ሥር አንድ ድምፅ መጣ።

«እኔ እግር አለኝ።»

የኔታ ናቸው። የአቋቋም መምህሩ። ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አያይም፤ እግራቸው ግን፣ በበዓል ቀን መቋሚያ ይዘው ሲያሸበሽቡ ያየ ይመስክር። ምድሪቱ የምትመልስላቸው ይመስላል።

«አይቀልዱብኝ የኔታ» አልኩ። «የሸማኔ ሥራ ነው።»

«የምን ቀልድ? ተማሪዎቼን ስንት ዓመት ሙሉ እግራችሁን እንደ ሸማኔዎቹ አሳርፉ ስል ኖሬያለሁ። ማክሰኞና ዓርብ ምቱን የምሰማው ከናንተ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ዝም ካለ ወዲህ የማሳያቸው አጣሁ።»

እኔ አመሰገንኩ? አላመሰገንኩም። ከበሩ ኋላ የተሰቀለችው ቅል ትዝ አለችኝ። ይሄን የዛሬ ሠላሳ ዓመት ሰው ፊት ቢናገሩት ምን ነበር አልኩ በሆዴ። በአፌ ግን «ጠዋት አንድ ሰዓት» አልኩና ሄድኩ።

ዓርብ ጠዋት ጭጋጉ ከወንዙ ሳይነሳ ውሃ አፈላሁ። የኔታ ጿሚ ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም፤ መቋሚያቸውን ለተማሪያቸው ሰጥተው ጫማቸውን አወለቁ። ድንጋዩ ዳር፣ በቀኙ ጥግ በኩል አቆምናቸው። ወጣቶቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው እየተሳሳቁ ገቡ። እኔም ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ገባሁ። ትከሻ ለትከሻ ተያያዝን፤ የሰብሳቢዋ ክንድ ከበደኝ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ደግሞ ዱቄት ዱቄት ይሸታል። አባቴ በዱላው ድንጋዩን መታ። አንድ።

ኸረ ያ ድምፅ! እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ተደነቃቀፍን፣ የወጣቶቹ እግር ተበታተነ። ከዚያ የየኔታ እግር ያዘን። እሳቸው የሚመቱበት ቦታ ላይ ሳንወድ በግድ ሁላችንም መታን። ድው። ድው። ከላይ ሰፈር ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ቁልቁል ያያል። አባቴ ቆጠረ፣ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ። «ቦታ ልቀቁ!» አለ።

ሁላችንም አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ሄድን። የኔታ አልሄዱም። ማን ይንገራቸው? ጥሪው ለሌላው መሰላቸው፤ ባሉበት ቆመው ይረግጣሉ፣ ላብ በግንባራቸው ይወርዳል፣ ፊታቸው በርቷል። ዘበኛው ክንዳቸውን ሊይዝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። በጎናቸው ዞረን አለፍን። በሁለተኛውም ዙር፣ በሦስተኛውም። ወጣቶቹ ደንቡን አያውቁት፣ ትልቅ ሰው ናቸው ተብለው የሚዘለሉ መሰላቸው። እኔ ግን አውቃለሁ! ይሄ አፌ፣ ለሾፌር የማይመለስ አፌ፣ «የኔታ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ» ማለት አቃተው። አባቴን አየሁት። ያያል። ጥጉ ሲሰበሰብ፣ ሌላው ሲቀር ያያል፤ ይቆጥራል። ሌላ ሰው ቢሆን አንተ ግንድ ብሎ ያባርረው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የት እንደሚቀመጥ ሲነገረው የኖረ ሰው፣ ካህን የት እንደሚቆሙ መናገር ከየት ይምጣለት?

ለእረፍት ስንቆም ባናውን አነሳነው። እናቴን! ሦስቱ ጥግ ሰፊ፣ አንዱ ጥግ ወደ ውስጥ ተጎትቶ እንደ ቆዳ ጠንክሯል። አባቴ በክንዱ ለካው፤ አንድ ክንድ ሙሉ ይጎድላል። አንዴ ካጠረ ተመልሶ አይረዝምም። የእናቴ ፈትል ነው፣ ሌላ የለም።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ የኔታ። «ዝምታችሁ አላማረኝም። እስቲ አሳዩኝ።» እጃቸውን ዘረጉ። አንዱን ጠርዝ ይዘው በጣታቸው እየተከተሉ ሄዱ፣ ጥጉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወደኋላ ተመለሱ፣ እንደገና ለኩት። «ይሄ ጥግ ለምን አጠረ?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እዚያ ጋ የረገጠው ሰው እግሩ ጠንካራ ነው፣ የኔታ።»

ገባቸው። ፊታቸው ላይ ሲገባቸው አየሁት። «ቦታ ልቀቁ የተባለው እኔንም ነበር።»

«ነበር።»

«አንተ ባለሙያ አይደለህም? ለምን አልተቆጣኸኝም?»

«ካህን ተቆጥቼ አላውቅም።»

«እኔ ተማሪ እግሩን ሲያበላሽ በመቋሚያ ነው የምመታው፤ የባላባት ልጅ ይሁን የደሃ ልጅ አልጠይቅም። እዚህ ድንጋይ ላይ ተማሪው እኔ ነኝ። የሰውን ልብስ አበላሽቼ በክብሬ እንድመለስ ነው የፈለጋችሁት? ይሄ ክብር ነው? ይሄ ስድብ ነው!» ባናውን ወደ አባቴ ገፉ። «ተቆጣኝ!»

አባቴ ቁልቁል አየ። «የቀረው ከተረገጠ ወደዚያ ጥግ ሊጠጋ ይችላል» አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ግን ይጠጋል።» ከዚያ ዱላውን አነሳ። ተመልሰን ገባን። አንድ፣ ሁለት፣ ቆጠረ፤ እኔም በሆዴ አብሬው ቆጠርኩ። አርባ።

«የኔታ! ቦታ ይልቀቁ!»

ጮኸ። አባቴ ጮኸ! የድሮው ጩኸት፣ ወንዙን የሚሞላው፣ ከሞተ ስንት ዓመት ሆነው ያልኩት። ከላይ ሰፈር ያሉት ሰዎች ሰሙት፤ ሸማኔው በካህኑ ላይ ሲጮህ በጆሯቸው ሰሙ። የኔታ «እሺ ጌታዬ» አሉና አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ሄዱ። እኔ እያለቀስኩ እረግጥ ነበር፣ አልደብቅም፤ ሰብሳቢዋ አይታኝ ትከሻዬን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። በሚቀጥለው አርባ ደግሞ የኔታ ትንሽ ዘገዩ። «የኔታ፣ ሥር ሰደዱ እንዴ?» አለ አባቴ። ሰባት ሰው በሳቅ ሊወድቅ ሆነ፤ ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ራሳቸው ናቸው።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ረገጥን። ባናው ተጠጋ እንጂ አልገጠመም፤ አንዱ ጥግ አንድ ስንዝር ያህል አጥሮ ቀረ። አራት ሰው አራቱን ጥግ ያዘ፤ አጭሩን ጥግ የኔታ እኔ ነኝ የምይዘው አሉ። አባቴ እንስራውን አንስቶ ገለበጠው። ውሃው መሐሉ ላይ ተኛ። ጎንበስ ብለን ከሥሩ አየን። ጠብ አላለም። ደግመን አየን። አንዲት ጠብታ እንኳ።

«አለቀ» አለ አባቴ።

ሰኞ ወርጄ አየሁ፣ ማየት ስላለብኝ። ሰብሳቢዋ ተዉልን ብላ እስከ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄዳ ነበር፤ ውሳኔ ውሳኔ ነው ተባለች። የመጀመሪያውን መዶሻ ራሷ መታች፤ በደንብ፣ ሙያ እንዳለው ሰው። አልጠላኋትም። የጠላሁት በስብሰባው ላይ አንድም ሰው ያ ድንጋይ ምን እንደሆነ አለመጠየቁን ነው። እጅ አወጡ፣ ወሰኑ፣ ሻይ ጠጡ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም፣ አልልምም።

ድንጋዩም ይቅር አላለም መሰለኝ። ያ የሚያበራው የላይኛው ገጽ ተሰባብሮ ከመናኸሪያው እስከ ጽሕፈት ቤቱ በር ድረስ ተነጠፈ። ልጅቷ ሆን ብላ ፊቱን ወደ ላይ እንዳደረገችው በኋላ ሹክ ብላኛለች። ክረምቱ ሲገባ ጉድ ፈላ! ያ ሁሉ ጫማ ያስጠረገ ሰው ፋይሉን ይዞ በቂጡ ዘጭ ይላል። እኔ ከሱቄ ሆኜ «ቀስ ይበሉ ጌታዬ» እላለሁ፤ ሌላ ምን ተዳዬ። አባቴ ብቻ አይንሸራተትም። እዚያ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይይዝና በባዶ እግሩ ይሻገረዋል።

ባለፈው ወር መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ትሁት ወጣት ሱቄ መጣ። ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጁ ነው፤ «የጠፉ ሙያዎች» ይባላል። የመጨረሻው ባና እኛ ጋ እንዳለ ሰምቷል። መስታወት ውስጥ ይሰቀላል፣ ከሥሩ ጽሑፍ ይኖረዋል፣ ትውልድ ይማርበታል። ስለ ጥንቱ ሸማኔ ክብር ብዙ አወራኝ፤ ከመጽሐፍ ያነበበው መሆን አለበት። ቆሜ አዳመጥኩት።

«እና እናቴ፣ ባናውን ዛሬ ልወስደው እችላለሁ?»

በአገጬ መንገዱን አሳየሁት። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነው። ካፊያ ይጥላል። ጫማው በእጁ ነው፣ ባናውን ደርቦታል፤ አጭሩ ጥግ በግራ በኩል ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ይታያል። የኔታ ክንዱን ይዘዋል፣ እሳቸውም በባዶ እግራቸው ናቸው። ውሃው ከባናው ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል፣ ወደ ውስጥ አይገባም።

«አትችልም» አልኩት። «ሥራ ላይ ነው።»